ለዳዊት፣ ስለ ወታደር ምልመላ ሥራ

ዳዊት ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ከረምክ? ከተጠፋፋን ስንት ጊዜ ሆነን! በተማርከው ሥነ ልቦና ወደ ሠራዊት ምልመላና ምደባ ልትገባ እንደሆነ ስሰማ ደስ ስላለኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሁሉም ፈተና ለማውጣት ይቸኩላል። አንተ ግን መጀመሪያ «በዚህ ቦታ ጎበዝ የሚባለው ምን የሚሠራ ሰው ነው?» ብለህ ጠይቅ። የሬዲዮ ሠራተኛ ስህተቱ ይቆጠራል። የመቶ መሪን ብቃት ግን ብዙውን ጊዜ የምታውቀው አለቃው ከሚሰጠው ነጥብ ነው፤ አለቃ ደግሞ የወደደውን ሰው በሁሉም ነገር ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «ጥሩ መሪ ነው?» አትበለው፤ «ትእዛዝ ሲለወጥ ለጓዶቹ በሰዓቱ ያሳውቃል?» በለው።

ቃለ መጠይቁ ላይ በደንብ እንድትሠራ እፈልጋለሁ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ለእስራኤል ጦር የሠራው ዘዴ ዛሬም ይጠቅማል። ስድስት ባሕርያት መረጠ፤ ለእያንዳንዱ ስለ ምልምሉ ያለፈ ሕይወት ተጨባጭ ጥያቄዎች አዘጋጀ፦ ስንት ሥራ ሠርቷል፣ ሰዓት ያከብር ነበር ወይ፣ ከጓደኞቹ ጋር ምን ያህል ይገናኛል። ጠያቂው አንዱን ባሕርይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አያልፍም። ምክንያቱም የመጀመሪያው ግምት ሌላውን ሁሉ ይጎትታል። ጠያቂዎቹ «ማሽን አደረግኸን» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የራሳቸውን አጠቃላይ ነጥብ እንዲሰጡ ፈቀደላቸው። ያም ነጥብ ምልምሉ ወደፊት ምን ያህል እንደሚሳካለት በመተንበይ ከስድስቱ ድምር የማያንስ ሆኖ ተገኘ፤ ግን ልብ በል፣ ስድስቱ ተሞልተው ካለቁ በኋላ ነው። ሁለት ገምጋሚ ካለህም ነጥባቸውን ጽፈው ሳያስረክቡ እንዳይነጋገሩ።

ብዙ ባለሙያ የሚያደናግረው ሌላ ነገር አለ። ፈተናውን የወደቁት ወደ ሥልጠና ስለማይገቡ፣ የምታየው ያለፉትን ብቻ ነው። በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሚሆን ፈተናው ደካማ ይመስልሃል፤ ቸኩለህ እንዳትጥለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ አየር ኃይል ይህን ለመፈተሽ ከ1,000 በላይ ዕጩዎችን ውጤታቸውን ሳያይ ወደ አብራሪነት ሥልጠና አስገብቶ ነበር። በዚያ ዘመን በተሰበሰበው መረጃ፣ ከ1 እስከ 9 በሚሰጠው ነጥብ 9 ካገኙት ውስጥ ከመጀመሪያው የበረራ ሥልጠና የተሰናበቱት 4% ገደማ ሲሆኑ፣ 1 ካገኙት ግን 77% ያህሉ ናቸው።

የነጥብ ሠንጠረዡንም አደራ። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1980 የአሜሪካ ጦር መግቢያ ፈተና ነጥብ በተሳሳተ ሚዛን ተሰልቶ፣ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ምልምሎች ከደረጃቸው በላይ ተቆጥረው ገቡ። ጥያቄዎቹ ደህና ነበሩ፤ የተበላሸው ጥሬውን ነጥብ ወደ ደረጃ የሚቀይረው ስሌት ነው። አዲስ የፈተና ቅጽ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት አሮጌውንና አዲሱን ለተመሳሳይ ሰዎች ስጥና አወዳድር።

እዚያ የሚጠቀሙበትን የቃለ መጠይቅ ቅጽ ማሳየት ከተፈቀደልህ ላክልኝ፤ ጥያቄ በጥያቄ አብረን እናየዋለን።

ወንድምህ