ከመውደቅ እስከ መነሣት ያለው ጊዜ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር የተናገሩት ቃል ከልቤ አልወጣ ስላለ ይህን ደብዳቤ ልጽፍልዎት ተነሣሁ። ደግፎ ከአልጋ የሚያስነሣዎትን ሰው በቁጣ እንደተናገሩት ካጫወቱኝ በኋላ፣ «ከ60 ዓመት በላይ ጸልዬ ዛሬም ያው ነኝ፤ ስንዝር አልተራመድሁም» አሉኝ። በዚያች ሰዓት መልስ አጥቼ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬን እንደ ስምምነት ቆጥረውት እንዳይሆን ስለሰጋሁ ያን ዕለት ያልመለስሁትን አሁን ልመልስ።

እኔ ራሴ በዚሁ ሐሳብ ተይዤ ሁለት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከጸሎት ርቄ እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገርሁዎትም። በሥራ ቦታ የበደለኝን አንድ ሰው በእግዚአብሔር ፊት አልቅሼ ይቅር ብዬው ነበር። ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ሳለ፣ ከወራት በኋላ ያ ሰው በሰው ፊት ሲዋረድ አየሁና ውስጤ ደስ አለው። ደስታው ራሱ አስደንግጦኛል፤ ከዚያ የባሰው ግን የቀድሞው ይቅርታዬም እንባዬም ሐሰት ነበር ብዬ በራሴ ላይ መፍረዴ ነው። ንስሐ ልገባ በተንበረከክሁ ቁጥር «ይህንኑ ስንት ጊዜ ልትናዘዝ ነው?» የሚል ሐሳብ አፌን ይዘጋዋል። ዛሬ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ብዙ የጎዳኝ መውደቄ ሳይሆን ከወደቅሁ በኋላ የተደበቅሁበት ጊዜ ነው።

የመለሰኝ የአብርሃም ታሪክ ነው፤ በልጅነቴ ከእርስዎ አፍ የሰማሁት ቢሆንም እንደዚያን ጊዜ ገብቶኝ አያውቅም። አብርሃም በ75 ዓመቱ ከካራን ወጥቶ በረሃብ ምክንያት ወደ ግብፅ ሲወርድ ለነፍሱ ፈርቶ ሚስቱን «እኅቴ ናት» ማለቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነውና ብዙም አይገርምም። እኔን ያስቆመኝ የዘፍጥረት ምዕራፍ 20 ነው። እዚያ እስኪደርስ እግዚአብሔር ቃል ኪዳን ገብቶለታል፤ እምነቱ ጽድቅ ሆኖ ተቆጥሮለታል፤ ስሙ ተለውጧል፤ ስለ ሰዶም በአምላኩ ፊት ቆሞ ማልዷል። ዕድሜውም 100 ሊሞላ ተቃርቧል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ጌራራ ሲደርስ ያንኑ ፍርሃት ፈርቶ ያንኑ ቃል ተናገረ።

እግዚአብሔር ግን በዚያው ምዕራፍ ለንጉሡ ለአቢሜሌክ በሕልም ተገልጦ አብርሃም ነቢይ እንደሆነና እንደሚጸልይለት ነገረው። «ነቢይ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ አብርሃም በተዋረደበት፣ አረማዊ የሚለው ሰው በወቀሰው ስፍራ። ከዚያም ጸለየ፤ የአቢሜሌክም ቤት ተፈወሰ። ይስሐቅን ይዞ ወደ ሞሪያ የወጣው ከዚህ በኋላ፣ በምዕራፍ 22 ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ሰዓት ተቀመጥሁ። ኃጢአቱ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሣራ ለአደጋ ተጋልጣለች፣ ወቀሳውም የሚገባ ነበር። ነገር ግን አሮጌው ፍርሃት ዳግመኛ መነሣቱ በመካከል የተሠራውን ሥራ አላፈረሰውም። ጴጥሮስም እንዲሁ ነው፤ በሊቀ ካህናቱ ግቢ ያስካደው የሰው ፍርሃት በአንጾኪያ ተመልሶ ከአሕዛብ ማዕድ እስኪለይ አድርሶታል፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን በሸንጎ ፊት ያለ ፍርሃት የመሰከረው ይኸው ጴጥሮስ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፤ በድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በልጅነቴ ሲቆጡን ዝምታዎ ቤቱን ለሳምንታት ይሞላው ነበር፤ እናታችን በመካከል ካልገባች ማንም አይደፍርዎትም። ከዓመታት በኋላ ያለ ጥፋቴ የገሠጹኝ ዕለት ሌሊት ከእንቅልፌ ቀስቅሰው «በድዬሃለሁ» አሉኝ፤ አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ያን ጊዜ መጀመሪያ አየሁ። እሑድ ዕለት ደግሞ፣ እንደ ተራ ነገር አድርገው ያለፉትን እኔ አላልፈውም፤ ያን የሚደግፍዎትን ሰው ይቅርታ የጠየቁት ገና እጁን ሳይለቁ ነው። ቁጣው ያው ሊሆን ይችላል። የሳምንታቱ ዝምታ ግን ወደ አንዲት ሌሊት፣ ሌሊቷም ወደ ጥቂት ቅጽበት አጥራለች፤ ይህን የሠራው ማን እንደሆነ እርስዎ ያስተማሩኝ ነዎት። ሕመሙም ቢሆን አዲስ ክፋት የጨመረብዎት አይመስለኝም፤ ድሮ በጉልበትና በሥራ የሚሸፈነውን ገልጦ አሳየዎት እንጂ።

ስለ ራሴ የምነግርዎት አንድ ነገር ቀርቷል። የዚያ ሰው ወሬ በተነሣ ቁጥር ዛሬም ልቤ ይሻክራል፤ አሁን ግን በስሙ እየጠራሁ እጸልይለታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጸሎቱ ከአፌ አልፎ ወደ ልቤ አይወርድም። ስለዚህ እባክዎን በጸሎትዎ ያስቡኝ፤ እኔም ስለ ቁጣዎ በየዕለቱ እጸልያለሁ። በሚመጣው እሑድ ስደውል፣ በሳምንቱ ውስጥ ዳግመኛ ተቆጥተው ቢሆን እንኳ ሳይደብቁ ይንገሩኝ፤ እኔም የእኔን እነግርዎታለሁ።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

አክባሪ ልጅዎ