ስለ ሞስም ጻፉ እንጂ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሊጠፉ ስለተቃረቡ ፍጥረታት ስትጽፉ ሁሌ አንበሳና ዝሆን ብቻ ነው፣ እስቲ ለሞስም (እርጥብ ድንጋይና ግንድ ላይ ተለጥፎ ለሚበቅለው ትንሽ አረንጓዴ ተክል) ትንሽ ቦታ ስጡት። እንግሊዝ አገር ደርቢሻየር ውስጥ ታምኖብሪየም አንገስቲፎሊየም የሚባል አለ (ስሙ ከራሱ ይረዝማል)፣ በዓለም ላይ ያለው እዛ ብቻ ነው፣ ያውም አንድ የኖራ ድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ባለች ጅረት፣ አብዛኛው 3 ሜትር በማትሞላ ቦታ ድንጋይ ላይ ተለጥፎ። ጠባብ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቅጠል ነው ያለው። ሞስ ደግሞ ስር የለውም፣ ውሃውንም ማዕድኑንም በቅጠሉ ነው የሚመጠው፣ ስለዚህ ከላይ ማዳበሪያ ታጥቦ ከገባ ወይ ጅረቷ ከደረቀች አለቀለት። አንዱ መጥቶ ለማስታወሻ ብሎ እፍኝ ቢቦጭቅኮ ከዓለም ላይ ነው የሚቀንሰው! ከጻፋችሁ ግን አደራ፣ ያገኛችሁትን የሌላ ሞስ ፎቶ እንዳትለጥፉበት።