የእማዬ ዓይን ከሰርጉ በፊት ይታይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ድምፄ የጠፋው የሌሊት ፈረቃ ተደራርቦብኝ ነው፤ ሌላ ነገር አታስቡ።

አክስታችን በስልክ የነገረችኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እማዬ ምስር ስትለቅም ጠጠሩን በጣቷ እየዳበሰች ነው አሉ የምትፈልገው። ማታ ማታም የአምፖሉ ብርሃን ይበተንባታል። ለምን ደበቃችሁኝ? እንዳልጨነቅ መሆኑ ይገባኛል። ግን ሩቅ ብሆንም ልጇ ነኝ።

“እርጅና ነው” ብላችሁ አትተዉት። ገና 56 ዓመቷ እኮ ነው! የዓይን ሞራ በዕድሜ ቢመጣም፣ እንደ እሷ ስኳር ያለበትን ሰው ቀድሞ ይይዘዋል። ዕድሉም ስኳር ከሌለበት ሰው ከ2 እስከ 5 እጥፍ ይደርሳል። ደም ውስጥ የበዛው ስኳር ወደ ዓይን ሌንስ ይገባል፤ እዚያ ሶርቢቶል ወደሚባል ነገር ይለወጥና ውኃ ይስባል። ጥርት ያለው ሌንስ እየደፈረሰ የሚሄደው አንድም በዚህ ነው። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ስኳር ያለባቸው በየዓመቱ ዓይናቸውን ይታያሉ፤ ባየሁ ቁጥር እማዬ ትዝ ትለኛለች።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ጥናት፣ ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነበር። የሚያንገበግበው ደግሞ የሚድን መሆኑ ነው። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ይተካል። ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ የሚደነዝዘው ዓይኗ ብቻ ነው። ጠብታ ግን ሞራን አያጠፋም፤ ቅጠልም እንዳታስጨምቁባት አደራ።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ውሰዳት። ከአዘዞ ሩቅ አይደለም። ገና ስትገቡ ስኳር እንዳለባት ተናገር። ሬቲናዋንም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይኗን የኋላ ክፍል፣ ይዩላት። ስኳሩ እሱንም ጎድቶት ከሆነ ሞራው ብቻ ቢወጣ አይበቃም። የስኳሯ መጠንም ከቀዶ ጥገናው በፊት መስተካከል አለበት።

“ከሰርጉ በኋላ” ትላለች አሉ። እንቢ በላት። ጥር ላይ ሙሽራህን በደንብ አጥርታ ትያት እንጂ! አሁን በርበሬው እየተቀነጠሰ ይሆናል። ከእማዬ ጎን ቁጭ ብዬ እየቀነጠስኩ ባስነጥስ ምነው! ወረቀቴ ስላላለቀ መምጣት አልችልም፤ ቀርታብን ነው ብለህ እንዳትቀየመኝ።

ሐሙስ የላክሁት ብር ለዓይኗ ነው። ለድንኳን እንዳትነካው፤ ለሰርጉ ሌላ እልካለሁ። ሐኪሙ ያላችሁን በዚያው ቀን ደውለህ ንገረኝ። እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ።

እህትህ