ቦርዱን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሙት

ለዝግጅት ክፍሉ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። የመመረቂያ ፕሮጀክት ሰሞን ሲደርስ ተማሪዎች ወደ ሱቄ ይጎርፋሉ። ብዙዎቹ ይዘው የሚመጡት ብሬድቦርድ ላይ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ የመሞከሪያ ሰሌዳ ነው) የተሰካካ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ሽቦ ነው። ቤት ይሠራል፣ ታክሲ ውስጥ አንዷ ሽቦ ትነቀላለች፣ መምህሩ ፊት ሲደርስ ጭጭ። ለምን ቦርድ ላይ፣ ማለትም በሽቦ ፋንታ የመዳብ መስመር የታተመበት ሰሌዳ ላይ፣ አትበይዱትም ስላቸው «ቦርድ እኮ ከቻይና ነው የሚታዘዘው» ይሉኛል። መምህራኖቻቸውም እንደዚያው ነው የነገሯቸው።

ቻይናዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ አይካድም። ትንንሽ ቦርድ በጥቂት ዶላር ያትማሉ፣ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። ግን ማጓጓዣው ከቦርዱ ዋጋ ይበልጣል፣ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ያለው ተማሪም ብዙ አይደለም፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የዶላሩን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ቦርዱ መጥቶ አንድ መስመር ስህተት ቢገኝበትስ? እንደገና ማዘዝ ነው፣ ምረቃው እስኪያልፍ።

ለተማሪ ፕሮጀክት የሚሆን ባለ አንድ ገጽ ቦርድ ኮሌጁ በር ላይ ባለው ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል። አሠራሩ አዲስ አይደለም፣ ዓለም ላይ ብዙ ሰው ቤቱ ይሠራዋል። የሌዘር ፕሪንተር ቶነር ቀለም ይምሰል እንጂ የፕላስቲክ ዱቄት ነው፤ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ የመስመሮቹን ሥዕል የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ላይ ታሳትማለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ የጸዳ የመዳብ ቦርድ ላይ ትደፋዋለህ፣ በካውያ ትተኩሰዋለህ፣ ውኃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ወረቀቱን በጣትህ ፍቀህ ታነሳለህ። ጥቁሩ መስመር መዳቡ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጥቁሩ ያልሸፈነው መዳብ በአሲድ ይበላል፣ የተሸፈነው መስመር በሽቦ ፋንታ ይቀራል። (የእናንተ ጋዜጣ ወረቀት ለዚህ አይሆንም፣ አትቀየሙኝ፤ ልስልሱ የመጽሔት ወረቀት ነው የሚፈለገው።) ኢንክጄት ፕሪንተር ግን አይሠራም፤ ቀለሙ ውኃ ነው።

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ካውያው ጋ ሳይሆን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ፍላሹን ይሰካል፣ ፋይሉን ይከፍታል፣ ሁሌ እንደለመደው «ከወረቀቱ ጋር አስተካክል» የምትለዋን ምርጫ እንደተነካች ትቶ ያትማል። ሥዕሉ ትንሽ ይጠባል ወይም ይሰፋል፣ በዓይን አይታወቅም፣ ቦርዱ ካለቀ በኋላ የአይሲው (ባለ ብዙ እግሯ ጥቁር ቺፕ) እግሮች ቀዳዳው ላይ አልገባ ይላሉ። የተራ አይሲ እግር ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በ100 ፐርሰንት አትምልኝ በሉት፣ ከቤት ስትወጡ አንድ አይሲ ኪሳችሁ ያዙና እዚያው ወረቀቱ ላይ አስቀምጣችሁ ለኩ። ቶነር ቆጣቢውንም ያጥፋላችሁ፣ የሳሳ ጥቁር አሲድ አይችልም። ጽሑፉ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ መታየት አለበት። ቀጥ ብሎ ከተነበበ ቦርዱ ላይ ይገለበጣል።

መስመሩን ከ0.5 ሚሊ ሜትር አታቅጥኑ፣ ባይሆን 0.4። ካውያው የእንፋሎት ከሆነ ውኃውን አፍስሱት። መብራት ሲጠፋ በከሰል ካውያ የሚሠራም ይኖራል፣ ሙቀቱን መቆጣጠር ከቻለ ምን ገዶት። የተቆረጠች መስመር ካለች በማርከር ወይም በጥፍር ቀለም ትሞላለች። መሳያው ሶፍትዌር ኪካድ በነጻ ነው።

ይህ ሁሉ ለጋዜጣ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለንደን ውስጥ በዚህ ዓይነት ቦርድ ሬዲዮ የሠራው ኦስትሪያዊው ፓውል አይስለር ሐሳቡን ያመጣው ከኅትመት ሥራ ነው።

አሁን ወደማይወደደው ክፍል። ቶነር ያልሸፈነውን መዳብ የሚበላው አሲድ ያልኩት ፌሪክ ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ነው። ልብስ ከነካ አይለቅም፣ ዓይን ከነካ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፣ ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ የአሉሚኒየም ድስት በጭራሽ። ሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው የሚሠሩም አሉ። እሱ የሚያንቅ ጭስ ስላለው ቤት ውስጥ ለሚሠራ ተማሪ አልመክርም። ያ አሲድ ከበረኪና ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ እሱ ይገድላል። ሲበሳ የሚወጣው የቦርድ አቧራም የመስታወት ክር አለበት፤ ማስክ አድርጉ። 220 ቮልት የሚነካ ሥራ ደግሞ የመጀመሪያ ቦርድ አይሁን፣ በ5 ወይም በ12 ቮልት ጀምሩ።

ፌሪክ ክሎራይዱ ደጋግሞ ይሠራል። ሲደክም ግን ውስጡ የሟሟ መዳብ አለ፣ ወንዝ ከገባ ዓሣውን ይፈጃል። ተማሪው የት ይድፋው? ብዙው ቱቦ ውስጥ ነው የሚለቀው፣ ሌላ ቦታ ስላልተሰጠው።

እንግዲህ ኮሌጆችን የምጠይቀው ትልቅ ላቦራቶሪ አይደለም። መስኮት ያለው አንድ ክፍል፣ ፌሪክ ክሎራይድ በጅምላ፣ 0.8 እና 1 ሚሊ ሜትር ስፒል የሚይዝ ትንሽ ድሪል፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ በርሜል ለቆሻሻው፣ በርሜሉን የሚረከብ የኬሚስትሪ ክፍል። ከዚያ ፕሮጀክቱን ብሬድቦርድ ላይ አንቀበልም ይበሉ። ሰበብ ሲያልቅ ፕሮጀክት ገዝቶ የሚያቀርበውም ይቀንሳል፣ በገዛ እጁ ቦርድ የሠራን ልጅ ሁለት ጥያቄ ጠይቆ መለየት ቀላል ነው። ባለ ሁለት ገጽና ደቃቅ ሥራ ያለው ግን ወደ ቻይና ይላክ፣ እዚያ ላይ አልከራከርም።

ይህን አሠራር የጀመረ ኮሌጅ ካለ ቆሻሻውን ማን እንደሚረከበው ለጋዜጣችሁ ይጻፍልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ