ከቁጥሩ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ማታ ተኝተሽ ሳለ የስኳር መለኪያሽን ከፍቼ ያለፉትን ቁጥሮች አየሁ። ሳላስፈቅድሽ ነውና ይቅር በዪኝ። እሑድ «140 ነው» ያልሽኝ ጊዜ መለኪያው ላይ ያለው 287 ነው። መጀመሪያ ተናደድኩ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ገና ከበር ስትገቢ የምልሽ «እንዴት ዋልሽ?» አይደለም፣ «ስንት ሆነ?» ነው። ከፍ ካለ ፊቴ ይጠቁራል። እንዲህ ለምታይሽ እናት እውነቱን መናገር እንዴት አይከብድሽ!

የፈተናሽን ሰሞን አልረሳሁትም። ምግብ አልወርድ ብሎሽ ሳለ ስኳርሽ ሲወጣ «ደብቀሽ በልተሻል» አልኩሽ። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል፤ እነሱም ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ ያደርጉታል። ጤነኛ ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ይመልሰዋል፣ ያንቺ ግን አይችልም። ይህን ያስረዳኝ ሐኪምሽ ነው፣ ያውም ከወራት በኋላ። እኔ ስጮኽብሽ ቁጥሩን ጭራሽ ሳላስወጣው አልቀረሁም። እንቅልፍ ማጣትም ጉንፋንም ያወጡታል። ሁሉን በደንብ አድርገሽ እንኳ አልስተካከል የሚልበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ጥፋተኛ አይደለሽም።

ሌላም አለ። «ሰለቸኝ» ያልሽኝ ቀን የዚያን ታዳጊ ልጅ፣ የሌናርድ ቶምሰንን ታሪክ ነገርኩሽ። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ በኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ የታከመው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ። ታሪኩ እውነት ነው፣ አነጋገሬ ግን «አመስግነሽ ዝም በዪ» ነበር። ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲህ ሰለቸኝ ብለሽኝ አታውቂም።

አሁን በዪኝ። ጣት መውጋት፣ ከእያንዳንዱ ጉርሻ በፊት ማስላት፣ «ሌሊት ይወርድብኝ ይሆን?» እያሉ መተኛት፣ እረፍት የሌለው ሥራ ነው። ሐኪሞችም ይህን የስኳር ሕመም ጭንቀት ያውቁታል፤ ከድብርት ለይተው ያዩታል፣ ስንፍና ነው አይሉም። ኀዘኑ ቀን ከቀን አልለቅ ካለሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ካስጠላሽ ግን ለብቻሽ አትያዢው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ አብረን እንሄዳለን። ከፈለግሽ እኔ ውጭ እቀመጣለሁ።

በሳምንት አንድ ማታ ደግሞ ስሌቱን ለእኔ ተዪልኝ። የምግቡን መጠን እኔ ልቁጠር፣ ሰዓቱን እኔ ልጠብቅ፤ አንቺ መርፌሽን ብቻ ተወጊ።

ከነገ ጀምሮ ስትገቢ ቁጥር አልጠይቅሽም። ከ250 አልፎ አልወርድ ካለሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣም። ከ70 ከወረደ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሺኝ። 15 ግራም ስኳር በውሃ በጥብጬ እሰጥሻለሁ፤ 15 ደቂቃው ሞልቶ ዳግመኛ እስክትለኪ ምንም ሳልጠይቅ አልጋሽ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ።

እናትሽ