በብርድ ወራት የታመመ መምህርን ክፍል ማን ይይዛል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ለመምህራን ከባዱ ጊዜ የትኛው እንደሆነ ብጠየቅ፣ ያለ ማመንታት የብርዱን ወራት እጠራለሁ። ቀኑ ስለሚያጥር መምህሩ ሳይነጋ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፤ የወሰነ ትምህርቱ ማጠቃለያ ፈተና ከነእርማቱና ከነውጤት አሞላሉ በዚሁ ሰሞን ይደርሳል፤ ጉንፋኑና ኢንፍሉዌንዛውም ጊዜያቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። ስለ መምህራን ደኅንነት የሚነሳው ጉዳይ ብዙ ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ መፍትሔ ሊያገኝ ይገባል የምለው፣ የታመመ መምህር ሳይሳቀቅ ቤቱ ተኝቶ የሚያገግምበት ሥርዓት አለመኖሩን ነው።

ከዓመታት በፊት በብርድ ወር ድምፄ ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል በሹክሹክታ አስተምሬያለሁ። ብቀር የእኔን ክፍል የሚይዙት በዕለቱ ያለቻቸውን አንዲት ባዶ ክፍለ ጊዜ የሚያጡ ባልደረቦቼ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ ፈቃድ መጠየቁ እነርሱን መበደል መስሎ ታየኝ። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን የሚመድቡት ተተኪ መምህር አልነበራቸውም። ኋላ ሐኪም ዘንድ ስቀርብ፣ እየታገሉ የሚያወጡት ሹክሹክታ የታመመን የድምፅ አውታር ይበልጥ እንደሚያደክመው ተነገረኝ። በሦስት ቀን ዕረፍት ይመለስ የነበረው ድምፅ ወራት ፈጀብኝ። ያን ሰሞን ከኋላ ወንበር የነበሩት ተማሪዎቼ ምን ያህሉን ትምህርት እንደሰሙ ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

እንዲህ ያለውን መምጣት ብዙዎች ጽናት ይሉታል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው አዋቂ ሰው ግን ምልክቱ ከመታየቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ጀምሮ፣ ከታየም በኋላ ከ5 እስከ 7 ለሚደርሱ ቀናት በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ብርዱን ፈርተን መስኮቱን በዘጋንበት ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው። አንድ መምህር ሁለት ቀን ላለመቅረት ሲል የሚከፍለው ዋጋ በሌሎች መምህራንና በተማሪዎች መቅረት ተባዝቶ ይመለሳል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የዓለም ሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ ስለ መምህራን ይዞታ ያወጡት የውሳኔ ሐሳብ፣ መምህራን ክፍያው ያልተቋረጠ የሕመም ፈቃድ እንዲያገኙ ይጠይቃል፤ የክፍያው ጊዜ ሲወሰንም መምህሩ ከተማሪዎች ተለይቶ መቆየት የሚያስፈልግበት ሁኔታ ከግምት እንዲገባ ያሳስባል። የመምህራን ቀን በየዓመቱ ኦክቶበር 5 የሚከበረው ይኸው ሰነድ የጸደቀበትን ዕለት ለማሰብ ነው። ዕለቱን በአበባና በምስጋና የሚያከብር ትምህርት ቤት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብርዱ ሲገባ ሰነዱን ቢያስታውሰው እንዴት ደስ ባለኝ!

በአንጻሩ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች መምህራኑ መዛላቸውን ሲያዩ ስለ ጭንቀት አያያዝ ሥልጠና ያዘጋጃሉ፤ ያውም ከሥራ ሰዓት በኋላ። ሐሳቡ በጎ ቢሆንም መነሻው የተሳተ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 የሥራ መዛልን ሲተረጉም፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚመጣ ነው ብሏል። ስለዚህ መታረም ያለበት በቅድሚያ የሥራው አደረጃጀት ነው፤ መምህሩማ ከአቅሙ በላይ ችሏል።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ማን የማንን ክፍል እንደሚሸፍን የሚያሳይ ፕሮግራም ይውጣ፤ የሚሸፍነውም ሰው ሰዓቱ ይታሰብለት፤ ይህ ሥራ በውለታ መያዙ ይቅር። በየትምህርት ዓይነቱ ማንም መምህር ገብቶ ሊያስተምራቸው የሚችሉ ጥቂት ዝግጁ ትምህርቶች በቢሮ ይቀመጡ። በፈተና እርማት ሳምንት አስቸኳይ ያልሆነ ስብሰባ ይታጠፍ። መስኮቶች በዕረፍት ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ይከፈቱ፤ ተረኛ ያልሆነ መምህርም ቀትር ላይ ወጥቶ ብርሃን የሚያይበት ጊዜ አይነፈግ።

ወላጆችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ «ዛሬ ሌላ መምህር ገባ» ብሎ ሲመጣ ለአቤቱታ ከመነሳታችሁ በፊት የቀረው መምህር እንዴት እንደዋለ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር