43ኛዋ ሳጥን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ለምትናፍቀኝ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። 7 ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ወንድምህ ሲቀበር አልመጣሁም፤ ከዚያ በኋላ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እፍረት ያዘኝ። ይቅር በለኝ።

ዛሬ ያስጻፈኝ የእማ ነገር ነው። እንቅርቷ አድጎ መዋጥ ሲያስቸግራት አዲስ አበባ ወሰድኳት። ክንዷ ላይ መርፌ ወጓትና ካሜራ ሥር አስተኟት። ምን እንደወጓት ስጠይቅ ባለሙያዋ «ቴክኒሺየም 99ኤም» አለችኝ። አቦ፣ ክው አልኩ! ያቺ 43ኛዋ ሳጥን! ከዚራ ዛፍ ሥር የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ስናጠና «ከእሷ በፊትም በኋላም ያሉት ሲገኙ እሷ ብቻ የት ገባች?» እያልክ የምትብሰለሰልባት።

ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ሜንዴሌዬቭ ቦታዋን ክፍት ትቶላት ነበር። በ1937 እንደ ፈረንጆቹ፣ ፔሪየርና ሴግሬ የተባሉ ተመራማሪዎች ጣሊያን አገር ፓሌርሞ ላይ፣ ከካሊፎርኒያ በተላከላቸው ሳይክሎትሮን በሚሉት የቅንጣት ማፍጠኛ በተደበደበ፣ ሞሊብዲነም በሚባል ብረት ውስጥ አገኟት። ስሟም በግሪክኛ «ሰው ሠራሽ» ማለት ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ላሚቱ ናት። በእርሳስ የተሸፈነውን ዕቃ ባለሙያዎቹ «ላም» ይሉታል። ውስጡ ያለው ሞሊብዲነም 99 በየ66 ሰዓቱ ግማሹ እየከሰመ ቴክኒሺየም ይሆናል። ጠዋት ጨው ውሃ ያሳልፉበትና ቴክኒሺየሙን ያልቡታል፤ ሞሊብዲነሙ እዚያው ይቀራል። በማግስቱ ሞልታ ትጠብቃቸዋለች። ሳምንት ሲያልፋት ግን እየነጠፈች ትሄዳለች፣ ሌላ ማስመጣት ነው።

የታለበው ደግሞ አይቆይም፤ በየ6 ሰዓቱ ይገመሳል። ታይሮይድ ዕጢ እንደ አዮዲን ስቦ ይይዘዋል፣ ካሜራውም ከአንገት የሚወጣውን ጋማ ጨረር ለቅሞ ሥዕል ያወጣል። እማን «ለዛሬ ሕፃን እንዳይታቀፉ» አሏት። ያረፍነው እህቴ ቤት ነበር፤ የልጅ ልጇ እጁን ሲዘረጋላት ፊቷን አዙራ አለቀሰች። እኔ ሰዓት እቆጥር ጀመር። የተወጋችው ጠዋት 4 ሰዓት ነው፤ ቀን 10 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ማታ 4 ሰዓት ሩቡ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ስምንተኛው። በማግስቱ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ቀረ፤ ከሽንቷ ጋር የወጣውን ሳልቆጥር። ልጁን ራሴ አምጥቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

እብጠቱ በሥዕሉ ላይ ደምቆ ታየ። እንዲህ የሚስበው «ትኩስ» ይባላል፣ ካንሰር የመሆን ዕድሉም ትንሽ ነው። መድኃኒት ጀምራለች፤ ትላንት አሸዋ ገበያ ወርዳ ማንጎ ገዝታ መጣች።

ተማሪዎችህን 43ኛዋ ላይ ስትደርስ የእማን አንገት ንገራቸው። አስፈቅጃታለሁ። «እሱ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላሃለች።

የአንተው ወዳጅ